የመንበሩ ወርቅ

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ሮቤ፣ እንጨት መሸጫ ግቢ ውስጥ ቆሜ ለበር የሚሆን ሳንቃ ስመርጥ ነው። የደወለችልኝ ሰናይት ናት፤ እሳቸው ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ።

«ዲያቆን ጌታሁን፣ እቴቴ ዛሬ ንጋት ላይ አርፋለች» አለችኝ። «ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። አብረዋት ለሠሩ ሰዎች በሙሉ እየደወልኩ ስለሆነ ነው።»

ላጽናናት አፌን ስከፍት ስልኩ ተዘጋ። ሻጩ «ይኼኛውስ? ይኼ ቀጥ ያለ ነው» እያለ ሌላ ሳንቃ ያነሣልኛል። ምንም ሳልገዛ ወጣሁ።

አብረን ሠርተናል፤ እውነቷን ነው። ጎባ፣ ከገበያው ጀርባ በነበረች አንዲት ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ አናጢ ነኝ፤ የሥዕል ማቀፊያውን፣ አትሮንሱን፣ የመስቀል ማቆሚያውን ከእንጨት አወጣለሁ። እሳቸው የወርቅና የብር ቅጠል ያለብሱታል። በጎባ ብቻ ሳይሆን በባሌ ደጋ ሁሉ ከእሳቸው ሌላ ለባጭ አላውቅም። ሆኖም ዛሬም ጎባ ውስጥ ስማቸው ሲነሣ «ወርቁን በልታ ነሐስ የለጠፈችው ሴትዮ» የሚል ሰው አይጠፋም። ውሸት መሆኑን የምናውቅ ሦስት ወንዶች ነበርን። አንዳችንም አልተናገርንም። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ።

እትዬ አስካለ ረጅምና ቀጭን፣ አንገታቸው ቀና ያለ ሴት ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን መጥተው ጎባ የቀሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። «ወንድ ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ እኔ ይኼን ጊዜ ጠላ ሻጭ ነበርኩ» ይሉ ነበር። ባለመኖሩ ሙያውን ለእሳቸው ሰጡ። ባላቸው የደሎ መና መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር አሉ፤ አንድ ቀን እዚያው ቀረ። ሞቶ ይሁን ሌላ ትዳር መሥርቶ ጠይቄያቸው አላውቅም። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሲጠይቃቸው «መንገዱ ረጅም ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ቅጠል ይባላል እንጂ ወርቁ ቅጠል እንኳ አይደለም። ከሲጋራ ወረቀት ይሳሳል። በትንሽ ደብተር ገጾች መካከል እየተደረገ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ በጣት ከነኩት ጣት ላይ ጠፍቶ ይቀራል። እትዬ አስካለ መጀመሪያ እንጨቴን በጀሶና በሙጫ ይቀቡና እንደ እንቁላል ቅርፊት እስኪለሰልስ ይፍቁታል። በላዩ ቀይ አፈር ከሙጫ ጋር በጥብጠው ይቀባሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወርቁ የሚነጠፈው። ከድመት ጸጉር የተሠራች ሰፊ ብሩሽ ነበረቻቸው። እሷን ጉንጫቸው ላይ አንድ ጊዜ ሳብ ያደርጓታል፤ የጉንጭ ወዝ ሲነካት ብሩሿ ቅጠሉን ታነሣለች። በመጨረሻ፣ ሲደርቅ፣ በእንጨት እጀታ ላይ በታሰረ የከርከሮ ጥርስ እያሹ ያበሩታል። ጥርሱ የአባታቸው ነው። እኔ እንድነካው የፈቀዱልኝ በአራተኛው ዓመት ነው።

ከሳነቴ የሚወርደው የጎባ ነፋስ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይዘጋል፤ የበሩ ስንጥቅ በጨርቅ ይወተፋል። እሳቸው ነጠላ አይለብሱም፤ ወፍራም ሹራብ ለብሰው እጅጌውን በክር ያስሩታል። ቅጠሉ ከደብተሩ ሲነሣ «ትንፋሽህን ዋጥ!» ይሉኛል፤ እኔም መጋዜን አስቀምጬ እንደ ሐውልት እቆማለሁ። አንድ ጊዜ አስነጠሰኝ። ቅጠሉ ተነሥቶ በረረና ግድግዳው ላይ ሄዶ ተለጠፈ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ስጠብቅ፣ በርጩማ ጎትተው ወጡና ግድግዳው ላይ በጥጥ ጫን ጫን አደረጉት። «እሺ፣ ግድግዳውም አንድ ቀን ይልበስ» አሉ።

ምላሳቸው ግን ስለት ነበር። አንድ ጊዜ አንድ የሮቤ ሀብታም የአልጋውን ራስጌ በወርቅ አልብሱልኝ ብሎ መጣ። ራስጌውን ከመኪና አስወርዶ አስገባው። እትዬ አስካለ ዞር ዞር ብለው አዩትና «ስትተኛ ዓይንህን ትጨፍናለህ?» አሉት።

«እንዴታ» አለ ሰውየው።

«ታዲያ ለማን ነው?»

ሰውየው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ራስጌው በመጣበት መኪና ተመለሰ። እኔ የዚያን ወር ኪራይ እያሰብኩ ተናደድኩባቸው።

ሐጂ አማን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሐጂ አማን የሮቤ የስንዴ ነጋዴ ናቸው። የመጡበት ጉዳይ ያረጀ የእንጨት ሰሌዳ ነበር፤ በላዩ የተቀረጸው ዐረብኛ ጽሑፍ ደብዝዟል። ፊደሎቹ በብር እንዲለበጡላቸው ፈለጉ።

«አካም ጂርቱ፣ አዳዳ» ብለው ሰላምታ ሰጡ፤ «አዳዳ» በኦሮምኛ አክስቴ ማለት ነው፣ በዕድሜ ግን እኩያ ነበሩ። እትዬ አስካለም በኦሮምኛ መለሱላቸውና ሰሌዳውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ምን ይላል?»

«የአላህ ስም ነው። ከሥሩ ያለው የአባቴ ዱዓ ነው፤ ራሱ ነው የቀረጸው።»

«ዱዓውን ይንገሩኝ።»

ሐጂ ግር አላቸው። «ለምን?»

«የማላውቀውን ነገር አልለብጥም።»

ሐጂ ቁጭ ብለው ቃል በቃል ተረጎሙላቸው። ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጥሩ አሟሟት ነበር። እትዬ አስካለ ሰምተው ሲጨርሱ «አሜን» አሉ። ቀጥለው ግን እንዲህ አሏቸው፤ «ቀድሜ ልንገርዎት ሐጂ። ብር ይጠቁራል። እኔ በላዩ ስስ ነገር እቀባበታለሁ፤ ቢሆንም ከዓመታት በኋላ ይጠቁራል። ያን ጊዜ አስካለ አታለለችኝ እንዳይሉ።» ሐጂ አማን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ወላሂ አልልም» አሉ። የዚያን ቀን የተጀመረ መከባበር እስከ መቃብር ዘለቀ።

አሁን ወደ መንበሩ ልምጣ።

ጎባ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ስሟን አልጠራም፣ ለታቦቷ አዲስ መንበር አሠራች። መንበር ማለት መቅደስ ውስጥ ታቦቱ የሚያርፍበት ነው። እንጨቱ ዋንዛ ነበር፤ ሠሪው እኔ፣ ለባጯ እሳቸው። ሕዝቡ አዋጥቶ ወርቁን ገዛ። አራት ወር ፈጀብን። እትዬ አስካለ በእነዚያ ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ ነበር የሠሩት። ሲያልቅ እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አዲስ ወርቅ ሲታይ ይጮኻል፤ የእሳቸው አይጮኽም ነበር። ቀዩ አፈር ከሥሩ ስለሚያሳብቅ ሙቀት አለው፤ የሚተነፍስ ይመስላል።

ካህናቱ በጨርቅ ሸፍነው ሊወስዱት መጡ። የሰፈሩ ሴቶች እልል አሉ። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ሸኙት። ሴት ናቸው፤ መቅደስ አይገቡም። የዚያን ቀን ካዩት በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው አያዩትም።

«ቅር አይልዎትም?» አልኳቸው።

«ሠራሁት፤ አበቃ። አሁን የኔ አይደለም» አሉኝ። መልሰው ግን እንዲህ አሉ፤ «አንተ ዲያቆን ነህ፣ ትገባለህ። ስትገባ ጥግ ጥጉን እያየህ ንገረኝ። የሚለቅ ከሆነ ከጥግ ነው የሚጀምረው።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሴ ባገለገልኩ ቁጥር፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው እሱ ነበር። «ጥጉስ?» «ደህና ነው።» «የግራው?» «ደህና ነው።» «ጭሱስ?» «ትንሽ አጥቁሮታል።» «ጭሱ ምንም አይደል። ለስላሳ ጥጥ ይበቃዋል።» እኔ ነበርኩ ዓይናቸው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ እኔ ለአንድ ሕንጻ ሥራ ደሎ መና ወርጄ ስድስት ወር ቆየሁ። ስመለስ ጎባ ሌላ ወሬ ይዛ ጠበቀችኝ። መንበሩ በልዟል፤ አረንጓዴ አውጥቷል። ወርቅ ይበልዛል እንዴ? አይበልዝም። እንግዲያው ወርቅ አልነበረም። እንግዲያው ወርቁ የት ሄደ?

የሕንጻ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደምሰው ነበሩ፤ የዱቄት ወፍጮ ባለቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑን በገንዘባቸውም በጉልበታቸውም ያገለገሉ፣ ሰው የሚሰማቸው ትልቅ ሰው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆመው «እናንተ በላባችሁ ያመጣችሁት ወርቅ ነሐስ ሆኖ ተገኝቷል። ስም አልጠራም። ፍርዱን ለእግዚአብሔር ሰጥተናል» አሉ። ስም መጥራት አላስፈለገም። ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ ሴቶቹ በኩል አየ።

እትዬ አስካለ ከመካከል ተነሡ። 

«ብር ይጠቁራል። ነሐስ ይበልዛል። ወርቅ ምንም አይሆንም። የበለዘው ነገር የኔ ሥራ አይደለም፤ በላዩ የመጣ ነገር አለ። ግቡና በጥፍራችሁ ፋቁት። ከሥሩ ወርቅ፣ ከወርቁ ሥር ቀይ አፈር ታገኛላችሁ።»

«መንበር ይፋቃል?» አሉ አቶ ደምሰው። «ሴትዮ፣ ይኼ ያንቺ ሳጥን መሰለሽ? ድፍረት ነው!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዲት አሮጊት «ኧረ ስምሽን አማትቢ!» ብለው ጮኹ። እትዬ አስካለ ቆመው ትንሽ ጠበቁና ተቀመጡ። ካህናቱም፣ ከዲያቆናቱ መካከል የቆምኩት እኔም ዝም አልን፤ ከመንበሩ ላይ አንድ ነገር መፋቅ የሚለው ቃል ራሱ አስደንግጦናል።

ማታውን ቤቴ መጡ። ቤቴ መጥተው አያውቁም ነበር። አልተቀመጡም።

«ጌቱ» አሉኝ። «አንተ ትገባለህ። ሌላ የማምነው የለኝም። ግባና እየው። ያየኸውን ለሕዝቡ ተናገር። እኔ የምለው ካልሆነም አልሆነም በል።»

«እሺ» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ለአገልግሎት ቀድሜ ገባሁ። መንበሩን ሳየው አላወቅኩትም። ገጹ ሁሉ የዛገ ናስ መስሎ ደፍርሷል። ከኋላ፣ ከታች በኩል ባለው ጥግ ተንበርክኬ በአውራ ጣቴ ጥፍር ጫን ብዬ ፋቅኩት። ቀለም ነበር። በቆርቆሮ የሚሸጠው ወርቅማ ቀለም። እየተቀረፈ ወደቀ፤ ከሥሩ የእትዬ አስካለ ወርቅ ያለ አንዳች ነቁጥ ብቅ አለ። ከደስታ ብዛት ዕንባዬ መጣ። በዚያች ሰዓት ወጥቼ ብጮኽ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ከኋላዬ ዲያቆን ታዬ ቆሟል። ታዬ የአቶ ደምሰው የወንድም ልጅ ነው።

«አጎቴ ነው ያስቀባኝ» አለኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ጳጳሱ ሊመጡ ሲሉ። ጭሱ አደብዝዞታል፣ ያንጸባርቅ ብሎ ቀለሙን ከአዲስ አበባ አመጣ። እንደሚበልዝ አላወቅንም። ወንድሜ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ አታጥፋን።»

የዚያኑ ቀን አቶ ደምሰው ወፍጮ ቤታቸው አስጠሩኝ። አልተቆጡም። ዱቄት የተነሰነሰበት አግዳሚ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ጥፋት ነው፤ አልክድም» አሉኝ። «ለክፋት ግን አልነበረም። አሁን ይኼ ቢወጣ ሕዝቡ ለሁለት ይከፈላል። የአዲሱ ሕንጻ ሥራ ይቋረጣል። አንድ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ሰላም ሲል ትንሽ ቢሸከም ምን አለበት? እሷ ባል የላት፣ ልጅ የላት።»

«ስማቸው አላቸው» አልኩ።

«ስም ይረሳል። አንተ የሕንጻውን በርና መስኮት የምትሠራ ልጅ ነህ። አርቀህ አስብ።»

በርና መስኮቱን እኔ እንደምሠራ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሠላሳ ሁለት መስኮትና ሰባት በር። ልጄ ተወልዳ ሦስት ወሯ ነበር። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። እንዲህ ነበር ለማለት ነው።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። በመስኮቱ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አንሥተው ብርሃን አስገብተው ጠበቁኝ።

«እሺ?»

«ጨለማ ነበር» አልኳቸው። «በደንብ አልታየኝም።»

ቀኝ እጄን ያዙና ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። በአውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ከዚያ ከወደቀው ቀለም ጋር የተላጠች የወርቅ ብናኝ ቀርታ ነበር። እኔ አላየኋትም ነበር። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅ ያዩ ሰው ናቸው፤ ወርቅን ከነሐስ ለመለየት ሁለት ጊዜ አያዩም። እጄን ቀስ ብለው ለቀቁት።

«እጅዎን ይታጠቡ፣ ዲያቆን» አሉኝ።

በሃያ ሁለት ዓመት ይበልጡኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ «አንተ» ሲሉኝ፣ ሲሻቸው «ጌቱ»፣ ሲናደዱ «አንተ ድንጋይ» ሲሉኝ ኖረዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ሆንኩ። እስኪሞቱ ድረስ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ቀን እንኳ አልተሳሳቱም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የሆነው። አብያተ ክርስቲያናት ሥራ ማምጣት አቆሙ። የሴቶች ማኅበራቸው ጽዋው ተራቸው ሲደርስ ዘለላቸው፤ «ሳይመችሽ ይቀራል ብለን ነው» አሏቸው። በሚቀጥለው ዙርም ዘለላቸው። በዓል ሲመጣ ዳቦ ጋግረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘው ሄዱ፤ የሚቀበል ሰው ሳይወጣ ስለቆየ ደጁ ላይ ከተቀመጡት ነዳያን ጋር ቆርሰው ተመለሱ። ሰናይት ትምህርት ቤት «የወርቅ ሌባ ልጅ» ተብላ ተደባደበች፤ ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እኔ መሣሪያዬን ሰብስቤ ሮቤ ገባሁ። ሠላሳ ሁለቱን መስኮትና ሰባቱን በር ሠራሁ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ሰው አድንቆታል።

የደረሱላቸው ሐጂ አማን ናቸው። ወሬውን ሰምተው በባጃጅ ከሮቤ ድረስ መጡ። የዚያን ጊዜ እኔ ዕቃዬን እየጫንኩ ስለነበር ሰምቻለሁ።

«አዳዳ» አሏቸው፤ «ብር ይጠቁራል ብለሽ ሳልጠይቅሽ የነገርሽኝ ሴት፣ ነሐስን ወርቅ ነው አትይም። እኔ ይኼን የምለው መስጊድም ገበያም ነው። የሱቄን ስም በመስታወት ላይ በወርቅ ጻፊልኝ።»

ጻፉ። ከሐጂ ሱቅ በኋላ የሮቤ ባለሱቆች አንድ በአንድ መጡ፤ ጥቂት ዓመት በዚያ ኖሩ። ከሻሸመኔና ከአዲስ አበባ የሚታተመው ፕላስቲክ ሲመጣ እሱም ቆመ። በመጨረሻ የልጆች ደብተር እየሸፈኑና ሥዕል እየጠገኑ ነበር የሚኖሩት።

በየበዓሉ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ለምን እንደምሄድ አላውቅም። አንድ ቀን እንዲሰድቡኝ እፈልግ ነበር መሰለኝ። እሳቸው ግን ካላቸው ሁሉ ጥሩዋን ወንበር ያቀርቡልኛል። «ይቀመጡ ዲያቆን። ልጆች ደህና ናቸው? ይብሉ እንጂ፣ ምነው?» እያሉ ያስተናግዱኛል። ስወጣ እስከ ደጅ ይሸኙኛል። ከእኔ ጋር ስለ ሥራ ዳግመኛ አልተነጋገሩም። ስለ መንበሩም አልጠየቁኝም።

አምና ሕመሙ ሲጸናባቸው ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተንበረከክኩ። ሰናይት ውኃ ልታመጣ ወጥታለች።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ከስተዋል፤ ጉንጫቸው ገብቷል።

«ምን አጠፉ?» አሉኝ። «ጨለማ ነበር አሉኝ እኮ።»

«አልነበረም። አይቻለሁ። ወርቅ ነው፣ እንደሠሩት ነው ያለው።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ይንገሩ ያልኩዎት ለእኔ አይደለም፤ ለሕዝቡ ነው።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ሰናይት ስትገባ ተነሥቼ ወጣሁ።

ለቀብራቸው የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ሐጂ አማን ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ከቅጽሩ ውጭ ጥላ ሥር ቆመው ሥርዓቱ እስኪያልቅ ጠበቁ። አቶ ደምሰውም በከዘራ ተደግፈው መጥተዋል፤ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ከሰናይት ፊት ቆመው «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሏት። ሰናይት ቀና ብላ አየቻቸውና ወደ መቃብሩ ዞረች። ታዬ ከክህነቱ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ከሄደ ቆይቷል። እኔ አብሬ አፈር አለበስኳቸው።

ከአርባቸው በፊት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ሄድኩ። አዲስ ናቸው፤ ከሌላ ሀገረ ስብከት የመጡ ወጣት ቄስ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ታዬን፣ አቶ ደምሰውን፣ መስኮቶቹን፣ ጥፍሬን። ሰምተው ሲጨርሱ «መንበሩ ዕቃ ቤት ነው ያለው» አሉኝ። አዲሱ ሕንጻ ሲመረቅ ሌላ መንበር ከአዲስ አበባ ስለመጣ የድሮው ከአሮጌ ምንጣፎች ጋር ተቀምጧል። ቀለሙን የሚያለቅቅ ነገርና ጥጥ ይዤ አብረን ገባን። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቀለሙ እየለቀቀ በሄደ ቁጥር ወርቁ እየሰፋ መጣ። ጥግ ጥጉ ሳይቀር ደህና ነበር። ቄሱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ። «እንዲህ ያለ ሀብት ጥለን ኖረናል?» አሉ።

«እሑድ ለሕዝቡ ይናገሩልኝ» አልኳቸው። «የሠሩት ማን እንደሆኑ። የተባለው ሁሉ ሐሰት እንደሆነ።»

«እናገራለሁ» አሉኝ።

እሑድ ቅዳሴው አለቀ። እኔ ከዲያቆናቱ መካከል ቆሜያለሁ፤ ሰናይት በሴቶቹ በኩል፣ አምድ ተደግፋ ቆማለች። እንድትመጣ የለመንኳት እኔ ነኝ። አስተዳዳሪው ወጡና ፊታቸው እያበራ ተናገሩ። የድሮው መንበር እውነተኛ ወርቅ መሆኑ ተረጋግጧል፤ በደቡብ በኩል በሚሠራው መቅደስ ውስጥ ወደ አገልግሎቱ ይመለሳል። ቀጥለውም «ይህን ሀብት በዘመናቸው አሠርተው ላቆዩን ለአባታችን ለአቶ ደምሰው ረጅም ዕድሜ ይስጥልን» አሉ።

አቶ ደምሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፉ። ሰው ትሕትና መሰለው።

«የሠሩት እትዬ አስካለ ናቸው!» ብዬ ጮኽኩ። እንዲያ ጮኼ አላውቅም። «አስካለ ወልደ ሚካኤል ናቸው! ሌባ አይደሉም!» ግን ሴቶቹ እልልታውን አንሥተውት ነበር። ከበሮው ቀጠለ፤ ጭብጨባው ቀጠለ። አጠገቤ የነበረው ዲያቆን ዞሮ «ምን አልክ?» ብሎ ወደ ማጨብጨቡ ተመለሰ።

በኋላ አስተዳዳሪውን ጠየቅኳቸው። «የሽማግሌን ስም በአደባባይ አናዋርድም፣ ዲያቆን» አሉኝ። «እትዬ አስካለም እኮ አርፈዋል። ነፍሳቸውን በጸሎት እናስባለን።»

ሰናይትን ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የሮቤ ባጃጅ ስትጠብቅ አገኘኋት። ሮጬ ነው የደረስኩባት።

«ተናገርኩ» አልኳት፤ ትንፋሽ አጥሮኛል። «ስማቸውን ጠርቻለሁ። ሰማሽ?»

«አልሰማሁም።»

«እልልታው ነው። እልልታው ባይሆን ኖሮ...»

ባጃጁ ቆመ። ነጠላዋን ሰብስባ ገባችና አጎንብሳ አየችኝ።

«ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ እቴቴ ተነሥታ ስትናገር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጭር ብሎ ነበር» አለችኝ። «ልጅ ነበርኩ፤ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ በሹክሹክታ ቢናገሩ ኖሮ ሁላችንም እንሰማዎት ነበር።»

ሹፌሩን «እንሂድ» አለችው።